ቃሉን ሁሉ እያወቁ ዐረፍተ ነገሩ የሚጠፋባቸው ልጆች

ጥያቄውን የላኩት የአራተኛ ክፍል መምህርት ናቸው። እንዲህ ይላሉ፦ «ተማሪዎቼ ጮክ ብለው ሲያነቡ አይደናቀፉም። የሚከብዳቸውን ቃል አስቀድሜ እተረጉምላቸዋለሁ። ረዘም ያለ ዐረፍተ ነገር ሲገጥማቸው ግን አንብበው ይጨርሱና ‹ምን አለ?› ስላቸው ዝም ይላሉ፤ ወይም ከመካከሉ አንድ ቃል መዝዘው ይነግሩኛል። እኔ ሳብራራው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በማግስቱ ሌላ ዐረፍተ ነገር ሲመጣ እንደገና እዚያው ነን። ዐረፍተ ነገሮቹን ቆራርጬ ላቅልልላቸው ወይስ ራሳቸው እንዲፈቱት የማስተምርበት መንገድ አለ? ልጆቹ ብዙ ናቸው፤ ጊዜዬም አጭር ነው።»

መምህርት፣ ከራስ መነቅነቁ ልነሳ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። እርስዎ ሲያብራሩ ልጆቹ የገባቸው የእርስዎ ንግግር ነው። የመጽሐፉ ዐረፍተ ነገር እንደታሰረ ቀርቷል። ልጆቹ የሚዋሹ እንዳይመስልዎት፤ እውነትም ገብቷቸዋል፣ የገባቸው ግን እርስዎ በራስዎ አፍ ያሉት ቀላሉ ነገር ነው። ማብራሪያው ለዚያ ለአንዱ ዐረፍተ ነገር ብቻ ስለሚሠራ በማግስቱ ሌላ ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርኩት በዚሁ መንገድ ነበር። ማብራሪያዬ ጥርት ያለ ስለነበር ልጆቹ ማንበብ እየተማሩ ነው ብዬ አምን ነበር። የሚማሩት ግን እኔን ማዳመጥ ነበር። ስለዚህ ምክሬ ባጭሩ ይህ ነው፦ ትርጉሙን አይስጧቸው፤ ዐረፍተ ነገሩን የሚከፍቱትን ጥያቄዎች ይስጧቸው። ከፈቱት በኋላ ደግሞ መልሰው እንዲያስሩት ያድርጉ። ብዙ መምህራን የሚዘሉት ይህንን ሁለተኛውን ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ያጣሩልኝ። ሦስት አራት ልጆችን ለየብቻ ይጥሩና ያልገባቸውን ዐረፍተ ነገር እርስዎ ያንብቡላቸው። ቀስ ብለው፣ ትንፋሽ እየወሰዱ፣ ወሬ እንደሚያወሩ አድርገው። ልጁ መጽሐፉን አይይ። በጆሮው ሲሰማው የገባው ልጅ ችግሩ ንባቡ ላይ ነው፤ ፊደል ለመልቀም ያወጣው ጉልበት ትርጉሙን ለመያዝ የሚሆን አላስተረፈለትም። በጆሮውም ሰምቶ ያልገባው ልጅ ችግሩ የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ላይ ነው። የንባብ ተመራማሪዎቹ ፊሊፕ ጎፍና ዊሊያም ተንመር በ1986 እ.ኤ.አ. ይህንን በአንዲት ስሌት አስቀምጠውታል፦ አንብቦ መረዳት ማለት ፊደልን ፈትቶ የማንበብ ችሎታ፣ ሲባዛ፣ ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ ነው። ብዜት መሆኑን ልብ ይበሉ። ከሁለቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበረታ ውጤቱ ዜሮ ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት ልጅ መድኃኒቱ ያንኑ አጭር ምንባብ ደጋግሞ እያነበቡ አንደበትን ማፍታታት ነው። እርስዎ እንደነገሩኝ ከሆነ ግን አብዛኞቹ ልጆችዎ ሁለተኛው ዓይነት ናቸው፤ የቀረው መልሴም ለእነሱ ነው።

አማርኛ ቁልፉን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ማን እንደሆነ፣ የት እንደነበረ፣ ለምን እንደመጣ ሁሉ ይነገረንና ያደረገው ነገር የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። አንባቢው እስከዚያች ቃል ድረስ ሁሉንም በአእምሮው ተሸክሞ መቆየት አለበት። የአንድ ልጅ አእምሮ ለአፍታ ሊይዘው የሚችለው ነገር ደግሞ ጥቂት ነው። ማሰሪያው፣ ማለትም የመጨረሻው ግስ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ተበትኖበታል። ከመካከሉ አንድ ቃል መዝዘው የሚነግሩዎት ለዚህ ነው፤ በእጃቸው የቀረችው ያቺ ብቻ ናት።

ስለዚህ አስቸጋሪ ዐረፍተ ነገር ሲገጥማቸው አንዴ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡ፣ ከዚያም ከጭራው ወደ ኋላ እንዲሄዱ አስተምሯቸው። ሰሌዳ ላይ ይህን ይጻፉ፦

በከባድ ዝናብ የሞላውን ወንዝ ለመሻገር የሞከሩት መንገደኞች፣ ውሃው እስኪጎድል ድረስ እንዲጠብቁ የመከራቸውን ሽማግሌ ባለመስማታቸው ተጸጸቱ።

መጀመሪያ የመጨረሻዋን ቃል አስምሩባት። ተጸጸቱ። እነማን? ልጆቹ ይፈልጉ። አንዳንዱ «ሽማግሌው» ይላል፤ ለማሰሪያዋ ቅርብ ያለው ሰው እሱ ስለሆነ። አይቆጡት፤ «ተጸጸቱ የሚለው ለስንት ሰው ነው?» ብለው ይጠይቁት። ግሱ የብዙ ነው፤ በአንቱታም እንዳይመስለው፣ ሽማግሌው «የመከራቸውን» እንጂ «የመከሯቸውን» አልተባለም። መንገደኞቹ ናቸው። እሺ፣ የትኞቹ መንገደኞች? ለመሻገር የሞከሩት። ምን ለመሻገር? ወንዝ። የትኛውን ወንዝ? በዝናብ የሞላውን። እዚህ ሲደርሱ የዐረፍተ ነገሩ ግማሽ ተከፍቷል። አሁን ወደ ማሰሪያው ይመለሱ። ለምን ተጸጸቱ? ባለመስማታቸው። ማንን? ሽማግሌውን። የትኛውን ሽማግሌ? የመከራቸውን። ምን ብሎ? «ውሃው እስኪጎድል ጠብቁ» ብሎ።

ቀጥሎ የተፈታውን በአጫጭሩ ይጻፉት። ከባድ ዝናብ ዘነበ። ወንዙ ሞላ። መንገደኞች መጡ። አንድ ሽማግሌ እንዲጠብቁ መከራቸው። አልሰሙትም። ለመሻገር ሞከሩ። በኋላ ተጸጸቱ። አንድ ዐረፍተ ነገር ሰባት ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚታየውን ነገር እወደዋለሁ፦ ያ ሁሉ ነገር እዚያ ውስጥ ነበረ! መጀመሪያ ያልገባቸው ሰነፎች ስለሆኑ እንዳልነበረ ያኔ ይገባቸዋል። ሸክሙ እውነትም ከባድ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ መንገደኞቹ ወንዙን ተሻገሩ? ከክፍሉ እኩሌታው «አዎ»፣ እኩሌታው «አይ፣ ውሃ ወሰዳቸው» ሊሉ ይችላሉ። ዐረፍተ ነገሩ ግን ይህን አልተናገረም። ሞከሩ አለ፤ ተጸጸቱ አለ። በመካከሉ የሆነውን አልነገረንም። ይህች ጥያቄ በየቀኑ መቅረብ ያለባት ይመስለኛል፤ ጽሑፉ ያለውንና እኛ የጨመርነውን መለየት ካልለመዱ ጎበዝ ገማች ሆነው ያድጋሉ። መገመት አይከልከሉ፤ ግምት መሆኑን ይወቁት እንጂ።

በመጨረሻ ዋናውን ዐረፍተ ነገር ይሸፍኑትና ሰባቱን አጫጭር መልሰው አንድ እንዲያደርጓቸው ይጠይቁ። የልጆቹ ዐረፍተ ነገር ከመጽሐፉ ይለያል፤ ይለይ። አንዷ «ሽማግሌው እየመከራቸው ሳይሰሙት ወንዙን ለመሻገር ሞክረው በኋላ ተጸጸቱ» ብትል ፈትታ ማሰሯን አሳይታለች። ከዚያ የመጽሐፉን ይግለጡና ያነጻጽሩ፦ ጸሐፊው የትኛውን ክፍል ፊት አመጣው? እሷ የትኛውን ተወችው? የሸማ ሥራን የሚያውቅ ሰው የሚሆነው የተሸመነውን ያፈታታ ብቻ አይደለም፤ መልሶ የሸመነም ጭምር ነው። ዐረፍተ ነገርን አያይዞ መጻፍ ለጽሑፍ ትምህርትም የታወቀ ጥቅም አለው። የጽሑፍ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ስቲቭ ግራሃምና ዶሎረስ ፔሪን በ2007 እ.ኤ.አ. ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ጽሑፍን ያሻሽላሉ ብለው ከዘረዘሯቸው 11 የማስተማሪያ ስልቶች አንዱ እሱ ነው። በአንድ ሥራ ሁለት ትርፍ ያገኛሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህን ሥራ የሰዋስው ክፍለ ጊዜ አያድርጉት። ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ማሰሪያ አንቀጽ የሚሉት ስሞች ለእርስዎ ይጠቅማሉ፤ ለልጁ «ማን? ምን አደረገ? የትኛው? ለምን? መቼ?» ይበቁታል። ማሰሪያ አንቀጹን ሳይሳሳት አስምሮበት ምን እንደተደረገ ግን የማያውቅ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ስሙን ማወቅና ነገሩን መረዳት የተለያዩ ናቸው።

የመንገደኞቹ ዐረፍተ ነገር ከባድ የሆነው በመርዘሙ ነው። አጭር ሆነው ልጆችን የሚያስቱም አሉ፤ እነዚህ ደግሞ አስተማሪ ስለማይጠረጥራቸው የባሱ ናቸው። እኔ አብዝቼ የምፈራው ይህን ዓይነቱን ነው፦

ጠባቂው ባይነቃ ኖሮ ሌባው ያመልጥ ነበር።

ሁለት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁና እጅ ያስወጡ። ጠባቂው ነቅቷል? ሌባው አምልጧል? ትክክለኛው መልስ ጠባቂው ነቅቷል፣ ሌባው አላመለጠም ነው። ብዙ ልጆች ግን ገልብጠው ይመልሳሉ፤ «ባይነቃ» ይላል፣ ስለዚህ አልነቃም። «ያመልጥ ነበር» ይላል፣ ስለዚህ አመለጠ። ቃላቱን በትክክል አንብበዋል፤ የታሪኩን እውነት ግን አዙረውታል። እንዲህ ያነበበ ልጅ ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ አይገጥምለትም፤ ሌባው ታስሮ ሲያገኘው መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስለዋል። «ባይ… ኖሮ» እና «ቢ… ኖሮ» ያልሆነውን ነገር እንደሆነ አድርገን የምናስብባቸው በሮች መሆናቸውን በንግግር ደጋግመው ያለማምዷቸው። «እርሳሱ ባይሰበር ኖሮ ትጽፍ ነበር። እርሳሱ ምን ሆነ?» «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እጠብቅሽ ነበር። ነግራኛለች?» አምስት ደቂቃ በቃል፣ ያለ መጽሐፍ። ከዚያ ወደ ንባቡ።

አሉታም እንዲሁ ነው። «ያልመጣ የለም» ማለት ሁሉም መጥቷል ማለት ነው። «ሳይመጣ አይቀርም» ደግሞ ሊመጣ ይችላል፣ ምናልባትም ይመጣል ማለት ነው፤ ቃል በቃል የሚፈታው ልጅ ግን ሁለት «አይደለም» አይቶ ግራ ይጋባል። «አለመስማማቱን አልደበቀም» የሚለውን ያነበበ ልጅ ሰውየው ተስማማ ሊልዎት ይችላል። መንገዱ አንዱን አሉታ ለብቻው ማውጣት ነው። አለመስማማት፣ እሺ፤ አልተስማማም። ይህንን ደበቀ? አልደበቀም። እንግዲያው ምን አደረገ? በግልጽ ተናገረ። ልጁ የመጨረሻውን መልስ ያለ አንዳች አሉታ በራሱ ቃል እስኪናገር አይልቀቁት።

የድርጊት አድራጊውና የተደራጊው ነገር ደግሞ በአንዲት ፊደል ይለያል። «ውሻው ልጁን አባረረው» እና «ውሻውን ልጁ አባረረው» ቃላቱም ቅደም ተከተላቸውም አንድ ነው፤ የተለወጠችው የ«ን» ቦታ ብቻ ናት። ልጆች በሁለተኛው ላይ ሁለት ነገር ይጎትታቸዋል፦ መጀመሪያ የተጠቀሰውን አድራጊ ማድረግ ይቀናቸዋል፣ በተጨማሪም በልምዳቸው አባራሪው ውሻ ነው። ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ጽፈው ለእያንዳንዳቸው ሥዕል ያሥሉ። ማን ነው ከፊት የሚሮጠው? ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ የሣለው ልጅ የገባውን ሊደብቅዎት አይችልም።

ባለቤቱ ጨርሶ ያልተጻፈበትም አለ፤ አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ውስጥ ከትቶ ማለፍ ይችላልና። «አዳኙ አንበሳውን ሲያየው ደንግጦ ሸሸ።» የሸሸው ማን ነው? ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር «ጠመንጃውንም እዚያው ጥሎት ነበር» ካለ ነገሩ ተለየ። እዚህ ልጆቹን ማስተማር የሚገባን ትልቅ ነገር አለ፦ አንዳንድ ቋጠሮ በራሱ ውስጥ አይፈታም፤ ጥርጣሬውን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መሄድና ከዚያ መመለስ ያስፈልጋል። ቀድመው የመረጡትን መልስ መለወጥ እንደ ሽንፈት እንዳይቆጥሩት ከእርስዎ ይስሙት።

የጊዜ ቅደም ተከተልን በቁጥር ይፍቱት። «እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ክፍሉ ተጠርጎ መብራቱ በርቶ ነበር» በሚለው ላይ መጀመሪያ የተጻፈው የእንግዶቹ መድረስ ነው፤ መጨረሻ የሆነውም እሱ ነው። ከድርጊቶቹ በላይ 1፣ 2፣ 3 ያጽፏቸው፤ ይበቃል።

የሳይንስና የኅብረተሰብ መጻሕፍት ሌላ ጠባይ አላቸው። «የደኖች መመናመን የአፈር መሸርሸርን ያባብሳል።» ስድስት የማይሞሉ ቃላት፣ ግን አንድም የሚታይ ሰው የለበትም። ድርጊቶቹ ሁሉ ስም ሆነዋል፤ መመናመን፣ መሸርሸር። አድራጊው በዚያው ተሰውሯል። ዐሥር ዓመት የሞላው ልጅ ዓለምን የሚያውቃት «ማን ምን አደረገ» በሚል ስለሆነ እንዲህ ያለው ዐረፍተ ነገር እንደ ድንጋይ ይከብደዋል። ስሙን ወደ ግስ ይመልሱት። መመናመን፦ ደኖቹ ተመናመኑ። መሸርሸር፦ አፈሩ ተሸረሸረ። ማን አመናመናቸው? መጽሐፉ እዚህ ላይ ነግሮናል? አልነገረንም፤ ወደ ፊት እንፈልግ። ምን ሸረሸረው? ያባብሳል ማለትስ? ከዚህ በፊትም ትንሽ ነበረ፣ አሁን ጨመረ ማለት ነው። «ያባብሳል» የምትለዋን ቃል «ያመጣል» አድርገው የሚያነቧት ልጆች ብዙ ናቸው፤ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ከአራተኛ ክፍል ወደ ላይ ጊዜ ካጠረዎት፣ ከዘረዘርኳቸው ሁሉ ለዚህ ቅድሚያ ይስጡ፤ የትምህርቱ ሁሉ መጻሕፍት በዚህ ዓይነት አማርኛ የተሞሉ ናቸው።

እዚያው መጻሕፍት ውስጥ «ይህም»፣ «በመሆኑም»፣ «እነዚህ» የሚሉትን ሲያገኙ ልጁ ጣቱን ወደ ኋላ እየጎተተ «ይህ» የተባለውን ነገር እንዲነካ ያድርጉት። አንዳንዴ አንድ ቃል ነው፤ አንዳንዴ ያለፈው ዐረፍተ ነገር በሙሉ ነው።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ልጨምር። የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ በጽሑፍ አይለይም። «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? «ዋና» በውሃ ላይ የሚዋኘው ነው ወይስ ትልቁ? «ይሰማል» ልጁ ያዳምጣል ነው ወይስ ድምፁ ይደመጣል? ትልቅ አንባቢ ሳያስበው በዙሪያው ካሉት ቃላት ይለየዋል። ልጅ ግን አጥብቆ ጀምሮት ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይጣመምበታል። ጮክ ብሎ ሲያነብ ያዳምጡት፤ ያጠበቀበትና ያላላበት ቦታ ምን እንደገባው ይነግርዎታል። ሲስት አያርሙት፤ እስከ ነጥቡ ይሂድና «ትርጉም ሰጠህ?» ይበሉት። ራሱ ተመልሶ ካረመው ትልቅ ነገር ሠርቷል።

ይህ ወደ ዋናው ችግር ያመጣኛል፤ ብዙ ልጆች እንዳልገባቸው አያውቁም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኤለን ማርክማን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች እርስ በርሱ የሚጋጭ ጽሑፍ እንዲሰሙ አደረገች። ከጽሑፎቹ በአንዱ የውቅያኖስ ወለል ላይ ብርሃን ፈጽሞ የለም ይባልና ትንሽ ቆይቶ እዚያ የሚኖሩ ዓሦች ምግባቸውን በቀለሙ ይለያሉ ይላል። ብዙዎቹ ልጆች ግጭቱን ሳያስተውሉ አለፉት። ጽሑፍ ሁሉ ትክክል ነው፣ የእኛ ሥራ አንብቦ መጨረስ ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ «ገባችሁ?» የሚለው ጥያቄ ከንቱ ነው። «አዎ» የሚሉዎት ከልባቸው ነው።

በምትኩ ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደህና ምንባብ ውስጥ አንድ የተበላሸ ዐረፍተ ነገር ይሸሽጉና አዳኝ ያድርጓቸው። «ዛፉ ቅጠሉን ሁሉ ስላረገፈ ጥላው ሥር ተጠለልን» እንደማለት። አግኝተው ለምን እንደማይሆን ያስረዱ። ሁለተኛ፣ ሲያነቡ ነገሩ የጠፋባቸው ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ እንዲያደርጉ ይንገሯቸው። «አልገባኝም» የሚል ልጅ ሊረዱት አይችሉም። «‹የመከራቸውን› እስከሚለው ገብቶኝ ነበር፣ ከዚያ ጠፋብኝ» የሚል ልጅ ግን ግማሹን መንገድ ሄዷል። ነጥብ ማድረግ የሚያስመሰግን ነገር ይሁን። ያለ ነጥብ የመጣውን ንጹሕ ገጽ ግን ጠጋ ብለው ይመርምሩት። እርስዎም በራስዎ ገጽ ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ እውነተኛ የከበደዎትን ዐረፍተ ነገር ይዘው ይምጡና ልጆቹ ፊት ያስቡበት፦ «እዚህ ጋ ሰውየው ራሱ መስሎኝ ነበር፤ ግን ግሱ ‹መጣች› ይላል፤ እንግዲያው ተመልሼ ልየው።» ልጆች አዋቂ ሰው ተመልሶ ሲያነብ አይተው አያውቁም ማለት ይቻላል። አንዴ ያነበበ ሁሉ የገባው ይመስላቸዋል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ፦ ዐረፍተ ነገሮቹን ላቅልል ወይ? ለንባብ ጀማሪ አዎ፤ ለአራተኛ ክፍል ልማድ ባይሆን እመርጣለሁ። ሲቆራርጡ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው አያያዡ ነው። «ዛፎቹ ስለተቆረጡ አፈሩ ታጠበ» የሚለውን «ዛፎቹ ተቆረጡ። አፈሩ ታጠበ።» ካደረጉት ሁለት ቀላል ዐረፍተ ነገር አገኙ፤ ልጁ ግን ምክንያቱን ራሱ መገመት አለበት። አጥሮ ከበደ ማለት ነው። የንባብ ተመራማሪው ዴቪድ ፒርሰን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ባደረገው ጥናት ምክንያትና ውጤትን ያያዘው ረዥሙ ዐረፍተ ነገር ለልጆች ከተቆራረጠው ይልቅ ከባድ እንዳልሆነ አሳይቷል። መቆራረጡን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። በእነሱ እጅ ትምህርት ነው፤ በእርስዎ እጅ ግን ሥራቸውን መንጠቅ ይሆናል።

የሚያነቡበት ቋንቋ የቤታቸው ቋንቋ ላልሆነ ልጆች አንድ እርምጃ ይቅደም። «ባይ… ኖሮ»፣ «እስኪ… ድረስ»፣ «ቢሆንም» የሚሉትን በጨዋታ፣ በንግግር፣ በአፋቸው ካላላመዷቸው ወረቀት ላይ አይፈቱም። የተፈታውን ትርጉም በቤታቸው ቋንቋ ለጓደኛቸው እንዲናገሩ ይፍቀዱ፤ መረዳቱ ካለ ቃሉ ይከተላል።

ስለ ጊዜውና ስለ ልጆቹ ብዛት። በቀን አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ዐሥር ደቂቃ፤ ከዚህ አይበልጥም። ከዕለቱ ትምህርት ውስጥ ይምረጡት እንጂ ለልምምድ ብለው አይፍጠሩት፤ ልጆቹ ሲፈቱት ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የሚጠቅም ነገር ያግኙ። በአንድ ዐረፍተ ነገር አንድ ዓይነት ቋጠሮ ይሁን፤ ሳምንቱን በሙሉ በዚያው ይቆዩ። የመጀመሪያውን ቀን እርስዎ ፈትተው ያሳዩ፣ በሁለተኛው አብረዋቸው ይፍቱ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ጠያቂ ሌላው መላሽ ይሁን፤ በማግስቱ ይለዋወጡ። ጠያቂው መልሱን ማወቅ የለበትም፤ «ማን? የትኛው? ለምን?» እያለ ማሳደድ ነው ሥራው። እርስዎ በመካከላቸው እየዞሩ ያዳምጣሉ። ስልሳ ልጅም ቢሆን ሠላሳ ጥንድ በአንድ ጊዜ እየሠራ ነው፤ ለእርስዎ እጅ አውጥተው ከሚመልሱት ሦስት ልጆች ይሻላል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሆኑ ይህን ሁሉ በቃል ብቻ ያድርጉት፤ እርስዎ እያነበቡ እነሱ ይጠይቁ።

መጀመሪያ ላይ ንባባቸው ይዘገያል። ወላጆችም ሆኑ ተቆጣጣሪ «ልጆቹ ቀድሞ ፈጥነው ያነቡ ነበር» ሊሉዎት ይችላሉ። አይደንግጡ፤ ቀድሞ ሲሮጡበት የነበረው ነገር ላይ ነው አሁን የሚቆሙት። መሻሻሉን የሚያዩት በፈተና ሳይሆን በዝምታ ንባብ ሰዓት ነው። ዓይኖቻቸውን ይመልከቱ። ማንም ሳያዘው መስመር ጨርሶ ዓይኑን ወደ ኋላ የመለሰ፣ እርሳሱን አንስቶ ነጥብ አድርጎ የቀጠለ ልጅ ካዩ ነገሩ ገብቶታል። ያ ልጅ ማን እንደሆነ ይያዙ፤ በሚቀጥለው ሳምንት የጥንዶቹ ጠያቂ አድርገው ከዝምተኞቹ ጋር ያስቀምጡት። አንዱ ዐረፍተ ነገር ለሁሉም ከከበደ ደግሞ አይታገሉ፤ እርስዎ ማሰሪያውንና ባለቤቱን ነግረዋቸው የቀረውን ይፍቱ፣ በማግስቱ አንድ ቋጠሮ ያነሰበት ይምረጡ።